አሥራ ሰባት ቁጥር ታንኳ

ባየህ ታንኳውን ውሃ ላይ አያሳድርም። ይህን በፎገራ የሐይቅ ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ይቀልድበታልም። ዓሣ አጥምዶ ሲመለስ ደክሞትም ቢሆን፣ እያካፋም ቢሆን፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ታንኳዋን ከውሃ አውጥቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ፣ ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አድርጎ ማቆም ነው። ከዚያ በኋላ ነው እጁን ታጥቦ እንጀራ የሚቀርብለት። ሚስቱ ገላነሽ እንግዳ ባለበት «እኔን አንድ ቀን እንዲህ ደግፎኝ አያውቅም» ትላለች። እንግዳው ይስቃል፤ ባየህም አብሮ ይስቃል።

የጣና ታንኳ በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ነው የምትታሰረው። ደንገል ቀላል ነው፤ ይንሳፈፋል። ነገር ግን ውሃ ይጠጣል። ውላ ያደረች ታንኳ እንደ ረጠበ ጋቢ ትከብዳለች፤ አንዱን ሰው እንደምንም ብትችለው ሁለተኛው ሲቀመጥባት ትሰጥማለች። ስለዚህ ከውሃ በወጡ ቁጥር አቁሞ ማንጠፍጠፍ፣ ፀሐይ ማስመታት ያስፈልጋል። እንዲያም ተደርጋ ከሁለት ከሦስት ወር በላይ አትቆይም፤ ከግርጌዋ ጠቁራ ትበሰብስና ሌላ ይታሰራል። ጥበቡ ይኸው ነው። ሰነፍ ካልሆነ በቀር ማንም ይችለዋል።

የባየህ ትጋት ግን ከትጋት የመጣ አልነበረም። በወጣትነቱ እንደ እሱ ያለ ዝንጉ አልነበረም። ቀዘፋ ላይስ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ክንዱ ረጅም፣ ትንፋሹ የማያልቅ። ግን ታንኳዋን ደንገሉ መሀል ሸጉጦ እጁን እያወዛወዘ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። አባቱ ሲቆጡት «ነገ ተመልሼ ለምገባባት ምን ያስወጣኛል?» ይል ነበር። ጎረምሳ መልስ አያጣም።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በነሐሴ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ውሃ አለበሰው። ታናሽ እህቱ ሰገን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት ገብታ ነበር። የባሏ የመንግሥቴ ቤት ከርብ ማዶ፣ በይፋግ በኩል ነው። ምጡ ጎሕ ሲቀድ መጣ፤ ወዲያውም ጠና። ወደ ወረታ የሚወስደው የእግር መንገድ ውሃ ውስጥ ነበር። እናታቸው ባየህን ጠሩት። እሱም እህቱን አቅፎ ደንገሉ መሀል ሦስት ቀን በተኛችው ታንኳው ላይ አስተኛት። ሃምሳ ክንድ ያህል እንደ ቀዘፈ ውሃው በግራና በቀኝ ይገባ ጀመር፤ የሰገን ቀሚስ እስከ ደረቷ ራሰ።

«ውሃ ጠጥታለች» አላት።

ታንኳዋን አዙሮ መልሶ እናቱ ደጅ አወረዳትና ጎርፉን በደረቱ እየገፋ ለቸገረው ሁሉ ታንኳ ወደሚያውሰው ወደ አበረ መንደር ሄደ። አበረ ያኔም አበረ ነው፤ ታንኳው ከደጁ ቆማለች፣ እንደ ላባ ቀልላ። ያችን ይዞ እስኪመለስ ረፈደ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ቀትር አልፎ ነበር። ሰገን ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ወንድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰገን አልወለደችም።

የተቀበለቻቸው ነርስ «ምነው ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን» አለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሰው እንደሚለው አለች እንጂ። ባየህ ግን ያን ቃል ይዞ ነው የኖረው። መንግሥቴም ነገሩን ሲሰማ «የባየህን ደጅ አልረግጥም፤ አንቺም አትረግጪም» አለ፤ እንዳለውም አደረገ። ወንድምና እህት ለቅሶ ላይ ወይም ንግሥ ላይ ሲገናኙ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ፣ ደህንነት ይጠያየቃሉ፤ በቃ። አንድ ቀን እንኳ ቤቱ ገብታ ውሃ አልቀመሰችም። አምና በሰኔ መንግሥቴ ሲሞት ባየህ በርብ ድልድይ ዞሮ ሄዶ፣ ከቀባሪው ኋላ ቆሞ አልቅሶ፣ እህል ሳይቀምስ ተመለሰ። ይግባ ወይስ አይግባ እንደሆነ አላወቀም፤ የሚጠይቀውም አላገኘ።

እንግዲህ በዚህ ዓመት በጥር ነው የታንኳ ውድድር ይደረጋል የተባለው። ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው ከወረታ እስከ ሐይቁ ዳር እየዞሩ ለፈፉ። ከሐይቁ ዙሪያ ስድሳ ታንኳ ይሰለፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፣ ያሸነፈ ይሸለማል። ባየህ በመጀመሪያ ጆሮም አልሰጠው። ሃምሳ ዓመቱ ነው። «ጎረምሶቹ ይጫወቱ» ብሎ ተወው።

በሳምንቱ ገላነሽ ከወረታ ገበያ ስትመለስ ሸክሟን ሳታወርድ፣ «የሰገንን ጎረቤት አገኘኋት። ሰገን ውድድሩን ለማየት ትመጣለች አለችኝ» አለችው።

ባየህ በማግስቱ ማጭዱን ይዞ ደንገል ፍለጋ ወጣ።

ደንገል እንደ ድሮው አይደለም። ሩዝ ከመጣ ወዲህ የሐይቁ ዳር ታርሶ አልቋል፤ ባየህ ራሱ ከአባቱ የወረሰውን ደንገል ጨፍጭፎ ሩዝ ዘርቶበታል። ስለዚህ ሁለት ቀን ባዝኖ፣ ሰው ለምኖ፣ አንዱን ሸክም እሱ ሌላውን ገላነሽ ተሸክመው አመጡ። አድርቆ አሰራት። ገመዱን በተረከዙ እየረገጠ ሲያጠብቅ ገላነሽ «ሽልማቱ እንዲህ ያጓጓሃል?» አለችው፤ እያወቀች።

ሽልማት አልነበረም ያጓጓው። መቅደም እንኳ አልነበረም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሰገን ዳር ቆማ እያየችው፣ ይደርሳል በተባለበት ሰዓት መድረስ። አንድ ጊዜ ብቻ። ይህን ለሚስቱም አልተናገረም፤ ቢናገረው የልጅ ሐሳብ እንደሚመስል ያውቃል።

ውድድሩ ቅዳሜ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ታንኳዎቹ ሁሉ ተሰበሰቡ። አስተባባሪው እዮብ የሚባል ከከተማ የመጣ ሰው ነበር፤ መልካም ሰው፣ ትሑት፣ ነገር ግን ጫማው ከዚያ ቀን በፊት የሐይቅ ጭቃ ያየ አይመስልም። በየታንኳው አፍንጫ ላይ የቁጥር ካርቶን አሰረ፤ ለባየህ አሥራ ሰባት ቁጥር ደረሰችው። ከዚያ ስድሳውም ታንኳ ውሃ ላይ እንደ ተሰለፈ፣ በአንድ ረጅም ገመድ ተያይዞ እንዲያድር አዘዘ። እንግዶቹ በጧት ሲመጡ ሰልፉን እንዲያዩት፣ ካሜራም እንዲያነሣው ነው።

አበረ ከሁሉ በፊት ተናገረ። ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ግን እሱም ተመዝግቦ ነበር።

«ልጄ፣ ታንኳ ውሃ ላይ አታድርም» አለው።

«ለአንድ ቀን ምን ትሆናለች አባቴ? ሁሉም እኩል ነው። ከሰልፉ ያወጣ ግን ይሰረዛል፤ እኔም እንዲህ ነው የታዘዝኩት።»

አበረ ካርቶኑን ፈትቶ ለእዮብ በሁለት እጁ አስረከበውና ታንኳውን ተሸክሞ ዳር ካለው ሾላ ሥር አቆማት። ጎረምሶቹ ሳቁ። አንዱም «አባ አበረ ሳይቀዝፉ ተሸነፉ» አለ።

ባየህ አልሳቀም። እጁ ገመዱ ላይ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ታንኳ ውሃ ላይ አሳድሮ አያውቅም፤ ጣቶቹ ቋጠሮውን ሊፈቱ ጀምረው ነበር። ግን ሰገን ትመጣለች። ከሰልፉ ቢወጣ በድልድዩ ዞራ መጥታ ዳር ቆሞ ልታገኘው ነው። ሁሉም እኩል ከጠጣ ያው እኩል ነው ብሎ ራሱን አባበለ። ቋጠሮውን መልሶ አጠበቀው።

ቅዳሜ ከጧቱ ጀምሮ ሰው ጎረፈ። ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ ጥላ የያዙ ሴቶች፣ ጠምጣሚ ካህናት፣ ሸንኮራ ሻጩ ሁሉ ዳሩን ሞላው። ቀዛፊዎቹ በየታንኳቸው ላይ ተቀምጠው እንግዶቹን ጠበቁ። ሦስት ሰዓት አለፈ፤ አምስት ሰዓት አለፈ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ባየህ ታንኳው ከጧት ይልቅ ዝቅ ብላ ተቀምጣ አያት፤ አይቶም እንዳላየ ሆነ።

ቀትር ላይ ሰገን መጣች። የሐዘን ጥቁር ልብሷን ገና አላወለቀችም። ከሕዝቡ መሀል ወጥታ ውሃው ጫፍ ላይ ቆመችና በዓይኗ ታንኳዎቹን አንድ በአንድ ፈለገች፤ ስታገኘው እጇን አነሣች። ባየህ መቅዘፊያውን ከፍ አደረገላት። በዚያች ቅጽበት ሃያ ዓመት የወረደለት መሰለው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን እዮብ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። ነፍስ አድን ሞተር ጀልባዋ ከወዲያ ማዶ ስትመጣ እንቦጭ የሚሉት የውሃ አረም ተጠምጥሞባት መሀል ላይ ቆማለች፤ እሷ ሳትኖር ውድድር ማካሄድ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ውድድሩ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል፤ ሕዝቡን ይቅርታ እንጠይቃለን። ይኸው ነበር። አንድም መቅዘፊያ ውሃ ሳይነካ አለቀ። ቀዛፊዎቹ እየተሳደቡ ገመዱን ፈቱ። ጀልባዋ እነሱን ልታድን ነበር የምትመጣው፤ አሁን እነሱ ሄደው እሷን ከእንቦጩ ሊያላቅቁ ነው። አሥር ሰዓት ሳይሆን ድንኳኑ ተነቅሎ አይሱዙ ላይ ተጫነ።

ባየህ ታንኳውን ወደ ዳር ስቦ እግሩን ጭቃው ላይ እንዳሳረፈ ሰገን አጠገቡ ደረሰች። ተሳሳሙ።

«ደህና ነህ፣ አያ ባየህ?»

«ደህና። ለከንቱ ደከምሽ እኮ። ያን ሁሉ መንገድ ዞረሽ።»

«ሲቀዝፍ አየዋለሁ ብዬ ነበር። ይሁን እንግዲህ። እኔስ የመጣሁት ለውድድሩ ብቻ አይዶለም።» ጥላዋን አጠፈች። «በእግሬ አልመለስም ብዬ ነው የወጣሁት። አያ ባየህ በታንኳው ያሻግረኛል፤ ከዚያ ከቤቴ ገብቶ ምሳ ይበላል ብዬ። መንግሥቴም የለ። ማን ይከለክለናል?»

በውሃ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በእግር ቢሆን እስከ አስፋልቱ ወጥቶ፣ በድልድዩ ተሻግሮ፣ እንደገና ወደ ሐይቁ መውረድ ነው፤ የሰገን ጉልበት ደግሞ ታማሚ ነው።

ባየህ ታንኳውን አያት። ግማሽ ጎኗ ውሃ ውስጥ ነው። የአሥራ ሰባት ቁጥሩ ካርቶን ርሶ ተላልጧል። በእጁ ገፋት፤ እንደ ታረደ በሬ ከበደችው። ነፋስ ሊነሣ ነው ሊላት አሰበ፤ እንቦጩ መንገዱን ዘግቶታል ሊላትም አሰበ። ውሸቱ ግን ከአፉ አልወጣ አለ።

«ውሃ ጠጥታለች» አላት።

ቃሉን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ሰገንም ሰማችው። እሱን አላየችም፤ ታንኳዋን ነው ያየችው። ረጅም ጊዜ አየቻት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት። ሰልፉ ላይ ትደር ተብሎ።»

«አንተም ተውካት?»

«ተውኳት።»

ከዚህ በላይ የሚለው ነበረው። ሃያ ሁለት ዓመት ያላሳደርኳትን አንቺ ታይኝ ብዬ አሳደርኳት ሊላት ይችል ነበር። ማሪኝም አላላትም፤ ያን ጊዜም አላለም፣ አሁንም አላለም። ጎንበስ ብሎ የራሰውን ካርቶን ከታንኳዋ አፍንጫ ላይ ፈታው። እሷም ትንሽ ጠበቀችው። ዛሬ ባየህን ከሁሉ የሚቆጨው ያ መጠበቋ ነው።

በዚህ መሀል አበረ ከሾላው ሥር ታንኳውን ተሸክሞ ወረደ። የጥንቱን ነገር ረስቶታል፤ ለእሱ ታንኳ ማዋስ የዘወትር ሥራው ነው።

«ሰገን፣ ወደ ማዶ ከሆንሽ ነይ ላሻግርሽ። የኔዋ ደረቅ ናት» አላት።

ሰገን ወንድሟን አንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። ባየህ ክንዷን ደግፎ በአበረ ታንኳ ላይ አስቀመጣት፤ ከኋላ ሆኖ ውሃው ደረቱ እስኪደርስ ድረስ ገፋላቸው። ልክ ያን ጊዜ ጎርፉን እንደገፋው። ሊለቃቸው ሲል ዞር አለች።

«ስንት ቀን ይፈጅባታል ለመድረቅ?»

«ፀሐይ ከሆነ አራት ቀን።»

«እሺ» አለች።

በአራተኛው ቀን ታንኳዋ ደረቀች። ባየህ ከግድግዳው አንሥቶ መዘናት፤ ቀልላለች። ነገ እሄዳለሁ አለ። በማግስቱ ነፋስ አለ አለ። ከዚያ የከብቶቹን መኖ ሰበብ አደረገ፤ ከዚያ ሁዳዴ ገባ፣ በጾም ወራት ምሳ ጋብዢኝ ብዬ ልሂድ እንዴ አለ። ታንኳ ቀን እንደማይጠብቅ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ግርጌዋ መጥቆር ከጀመረ ሰንብቷል። ገላነሽ በየጧቱ ደጁን ስትከፍት «ደርቃለች እኮ» ትለዋለች። እሱም «አውቃለሁ» ይላታል።

ዛሬ ጧት ገላነሽ «ደርቃለች እኮ» በማለት ፈንታ መቅዘፊያውን ከጓዳ አውጥታ ታንኳዋ አጠገብ አስደግፋው ገባች። ባየህ ቆሞ አየው። ከዚያ ከብቶቹን ፈትቶ ወደ ሜዳው ነዳ።