ያልገጠመው ቀለበት

ጂንካ ውስጥ አጥንት የሚያውቅ ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ዛሬም ቢሆን ወደ እኔ ቤት ይጠቁሟችኋል። ለመመጻደቅ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው የምናገረው። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለም፤ ከመዝሙር መጽሐፍና ከሱቅ ማስታወቂያ ላይ እየለቀምኩ ነው ማንበብ የቻልኩት። ወጌሻነትንም ያስተማረኝ የለም። ደርግ በወደቀበት ዓመት አንድ ወታደር ትከሻው ወልቆ በእግሩ ወደ መንደራችን ገባ። ሰው ሁሉ ከንፈሩን ሲመጥ እኔ ክንዱን ያዝኩና ወደ ቦታው መለስኩለት። ጩኸቱ ኮረብታው ማዶ ተሰማ፤ ወዲያው ግን በዚያው እጁ ውኃ ተቀብሎ ጠጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ለብዙ ዓመት ሥራ ፈትቼ አላውቅም ነበር።

ትምህርት ቤቴ ፍየል ነው። ሚስቴ የበና ብሔረሰብ ልጅ ናት። በአማቾቼ አገር ፍየል ሲታረድ ሽማግሎቹ አንጀቱን ዘርግተው የዝናቡንና የከብቱን ነገር ያያሉ። እኔ ዳር ተቀምጬ አንገቱን እጠብቃለሁ።

«ይሄ አማቻችን ሥጋ ትቶ አጥንት ይላል፤ ውሻ ነው እንዴ የዳርንላት?» ይላሉ።

«እናንተ አንጀት አንብቡ፤ እኔ አጥንት ላንብብ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ አንገቱን ግን ይሰጡኛል።

ከአንገት አጥንቶች ሁሉ የመጀመሪያው፣ ራስ ቅል የሚቀመጥበት፣ ለብቻው ፍጥረት ነው። ሌሎቹ ድፍን ሆድ አላቸው፤ እሱ የለውም። ግራና ቀኝ ክንፍ ያወጣ ቀለበት ነው። ክንፉ ላይ ቀዳዳ አለ፤ የአንዱ ፍየል ሰፊ፣ የሌላው ጠባብ ነው፤ በአንድ አጥንት ላይ እንኳ ግራና ቀኙ የማይመሳሰልበት ጊዜ አለ። ይህን ልዩነት ማንም ሳይነግረኝ በጣቴ ዳስሼ ነው ያገኘሁት። ቀለበቱ ግን በሁሉም ዝግ ነው። ተከፍቶ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን እሱንም መጥረቢያ አግኝቶት ነበር። ስለዚህ «የአንገት ቀለበት ተከፍቶ ካያችሁ የሰበረው አለ» እያልኩ በለቅሶ ቤቱም በሠርጉም በገበያውም አስተማርኩ። የሰፈራችን ሰው ይህን ቃሌን እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር ይደግመው ነበር።

ባልንጀራዬ ወፍጮ ቤት አለው። ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ከገጠር ወደ ከተማ የገባን የአሪ ብሔረሰብ ልጆች ነን። የመጀመሪያ ቤቱን ጭቃ አብሬው መርጌያለሁ፤ ልጆቹ አጎቴ ነው የሚሉኝ። በኋላ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ሆኖ ተመረጠ፤ መጠጥ የሚባል ነገር በአፉ እንደማይዞር ሰው ሁሉ ይመሰክርለታል። ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው ስለሆነ አንገቱ ይይዘዋል። እኔ ቅቤ አሙቄ አሸዋለሁ።

«ቀስ በል፣ አንተ የፍየል ዶክተር!» ይለኛል።

«ፍየል ብትሆን ኖሮ እስካሁን ትድን ነበር። የጠመመ ሰው ነው ያስቸገረኝ።»

አንድ ረቡዕ እንደ ልማዳችን አሸሁት። ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ሄደ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ «ክንዱ ደንዝዞ ሆስፒታል ሄዶ መጣ» የሚል ወሬ ሰማሁና እየሮጥኩ ቤቱ ደረስኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀው ተሰብስቧል። እሱ በዚያ ሙቀት ጃኬት ለብሶ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ ራጁ አለ።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አልኩት።

«የመጀመሪያው አጥንት ከኋላ ክፍት ነው አለ» አለኝና ጃኬቱን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

ራጁን አንስቼ ወደ በሩ ወጣሁና በፀሐይ አየሁት። ጂንካ ውስጥ ነጭ ካፖርት ሳይለብስ ራጅ የሚያይ ከእኔ በቀር ማን አለ? አየሁት፤ እውነትም ከኋላ በኩል ቀለበቱ አልገጠመም። ለሰውም አሳየሁ። «ይኸው፣ ክፍት ነው። እንዲህ ያለው በራሱ አይከፈትም፤ የሰበረው አለ» አልኩ።

የመጀመሪያ ልጁ ከመቀመጫው ተነሣ።

«አጎቴ፣ ረቡዕ ዕለት አንገቱን የነካው ማን ነው?»

መጀመሪያ ጥያቄው አልገባኝም ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን ገባኝ። ወደ ባልንጀራዬ ዞርኩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምጠብቀው፤ «ተው፣ እሱ አይደለም» የሚል። መሬት መሬት አየ።

ነገሩ ለአገር ሽማግሎች ቀረበ። ባልንጀራዬን ከሆስፒታሉ ሌላ የተባለ ነገር እንዳለ ጠየቁት፤ «የለም» አለ። ወድቆ ወይም ተመትቶ እንደሆነ ጠየቁት፤ «የለም፣ ስነቃ ደንዝዞ አገኘሁት» አለ። ሽማግሎቹ የሰሙትን ይዘው ፈረዱ፤ ከትከሻ በላይ ያለውን የሰው አካል እንዳልነካ፣ ፍየል ታርዶ እንድንታረቅ። ታርዶም በላን። ባልንጀራዬ «እግዜር ይማርህ» ብሎ አቀፈኝ፤ እኔን!

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሳጥሬ ልንገራችሁ። አንገቱ የተያዘ ሰው በደጄ አልፎ ሌላ ሰፈር ይሄድ ጀመር። ቀጥሎ ትከሻ ቀረ። ቀጥሎ እናቶች ልጆቻቸውን ማምጣት ተዉ። የእግር ወለምታ ብቻ ቀረልኝ፤ እሱም ከገጠር የሚመጣና ወሬውን ያልሰማ። እጄ ያው እጅ ነው፤ አንድም ነገር አልረሳም። እሱን የሚያምን ሰው ብቻ ጠፋ።

ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ጠዋት የባልንጀራዬ ሚስት የልጅ ልጇን አዝላ መጣች። ሕፃኗን አንድ ሰው በእጇ አንጠልጥሎ አንስቷት ክርኗ ወልቋል። ሕፃኗን ተቀበልኳት፤ እያሳቅኳት ክንዷን አዙሬ መለስኩት። ሕፃኗ ዳቦ ይዛ መብላት ጀመረች። ሴትዮዋ ግን ማልቀስ ጀመረች።

«ጋሼ፣ እግዜር አይወደውም፤ ልንገርዎት። ያን ጊዜ ሆስፒታል አጠገቡ ነበርኩ። ሐኪሙ ‹ይህ ክፍተት ከልደትህ ያለ ነው፤ አጥንቱ ከኋላ ሳይገጥም የቀረ ነው፤ ማንም አልሰበረውም› ብሎታል። ‹እጅህ የደነዘዘው ስለወደቅህ ነው› አለው።»

«ወድቆ ነበር እንዴ?»

«ከቀይ አፈር ሲመለስ፣ ከሞተር። አረቄ ጠጥቶ። ክንዱ ተልጦ ነበር፤ በጃኬት ሸፈነው። ከሽማግሌነቴ ያወርዱኛል ብሎ እንዳልናገር ለመነኝ።»

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። የባልንጀራዬን ስም አላነሳሁም፤ ስለ አጥንቱ ብቻ ጠየቅሁ። አንድ ትሕትና ያለው ሐኪም ከፕላስቲክ የተሠራ አንገት አውጥቶ አሳየኝ። በአንዳንድ ሰው የኋላው ቅስት ሳይገጥም ይቀራል፤ ሰውዬው ሳያውቀው ዕድሜውን ይጨርሳል። ሌላው ላይ ደግሞ የደም ሥሩ በሚተኛበት ቦይ ላይ ቀጭን የአጥንት ድልድይ ይሠራል፤ በሁለቱም ጎን ወይም በአንዱ ብቻ።

«የተሰበረውን ከልደቱ በምን ትለየዋለህ?» አልኩት።

«ከልደቱ ከሆነ ጫፉ ለስላሳና ክብ ነው፤ ስብራት ሻካራና ሹል ነው። አባባ፣ እርስዎ የት ነው የተማሩት?»

«ከፍየል።»

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን የያዝኩት ራጅ ዓይኔ ውስጥ ነበር። ጫፉ ለስላሳ ነበር፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ። የፍየል እውቀቴ ለፍየል ትክክል ነው፤ ሰውን በተመለከተ የሚጎድለኝን ባልንጀራዬ በጆሮው ሰምቶት ነበር፤ ሊነግረኝ ይችል ነበር። እኔ በሰው ፊት ራጁን ከፍ አድርጌ በራሴ ላይ ስፈርድ ቁጭ ብሎ አዳመጠኝ።

ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። ሞተሩን አጠፋና ዱቄቱን ከቅንድቡ ጠረገ። ገና ሲያየኝ ገብቶታል።

«ለምን?» አልኩት።

«እኔ ምን አልኩ? አንተ ነህ የሰበረው አለ ያልከው። እኔ ዝም ነው ያልኩት።»

«ሽማግሎቹ ሲጠይቁህስ?»

«ያኔ ነገሩ አልፎ ነበር። አንተ ደግሞ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነህ፤ ትችለዋለህ ብዬ።»

«አሁን ተነሥና በሽማግሎቹ ፊት ተናገር።»

«በዚህ ዕድሜዬ? በምእመኑ ፊት አረቄ ጠጥቼ ወደቅሁ ልበል? ወንድሜ፣ ስንት ዓመት አብረን ኖርን፤ አታዋርደኝ።»

ወንድሜ አለኝ። ሚስቱን ምስክር አድርጌ ማቆም እችል ነበር፤ ቤቷ ግን እዚያው ነው፣ የምታድረውም ከእሱ ጋር ነው። ስለዚህ የሚናገረው እሱ ራሱ መሆን ነበረበት።

ባለፈው በጋ አንገቱ ክፉኛ ያዘው። ቅባትም መርፌም አላሻለውም። አንድ ቀን የመጀመሪያ ልጁ፣ ያ የጠየቀኝ፣ መጣና በር ላይ ቆመ።

«አጎቴ፣ አባዬ ይጠራዎታል። ሲመሽ በጓሮ በኩል ይግባ ብሏል፤ ሰው እንዳያይ።»

እጄ በራሱ ተንቀሳቀሰ፤ ሥራውን ይወዳላ! ጉልበቴ ላይ ጫንኩት።

«ለአባትህ እንዲህ በልልኝ። ቅዳሜ፣ ገበያው ሲሞላ፣ ሽማግሎቹን ጠርቶ እውነቱን ይናገር። ከዚያ በኋላ በፊት ለፊቱ በር እገባለሁ፤ እስኪድን ድረስም አሸዋለሁ።»

ልጁ እውነቱ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። የሚያውቅ መሰለኝ።

ብዙ ቅዳሜ አልፏል። ከወፍጮ ቤት ወደ ቤቱ ሲሄድ በደጄ በኩል ነው የሚያልፈው። ሰው ሲጠራው አንገቱ አይዞርለትም፤ ሙሉ ገላውን ነው የሚያዞረው። እኔን ሲያይ ግን አይዞርም። አውራ ጣቴን የት ላይ እንደማሳርፍ ከተቀመጥኩበት ሆኜ አየዋለሁ፤ ከጆሮው ጀርባ ዝቅ ብሎ፣ በግራ በኩል። በዚህ ከተማ ያን ቦታ እንደ እኔ የሚያገኘው የለም። እሱም ያውቃል።