ለዶክተሩ አባት የተላኩ ሽማግሌዎች

ሸዋዬ ልብስ የምትሰፋው በእግር በሚረገጥ አሮጌ መኪና ነው። በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ፔዳሉን መርገጥ ስትጀምር፣ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት የተቀመጡ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆንባቸዋል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ከወልቂጤ ተማሪዎች የግማሽ ያህሉ ዩኒፎርም በዚያ መኪና ሥር ያልፋል። መኪናውን የገዛላት ሟች ባሏ ነው። ይህን ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ በኋላ ይመጣል።

የጓሮዋን ክፍል የተከራየው ዶክተር ቫርጊስ የሚባል ህንዳዊ ነበር። ኬረላ ከምትባል የህንድ ዳርቻ መጥቶ ጉብሬ ባለው ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ያስተምራል። በመጀመሪያው ወር «እርስዎ» ትለው ነበር። አንድ እሑድ ቆጮ በጎመን ብታቀርብለት ሁለት ጊዜ አስጨመረ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንተ» ሆነ። ቆጮ አስጨምሮ የበላ ሰው እንግዳ አይደለም። ክትፎውን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ «ይብሰልልኝ» እንዳለ ነው፤ ሸዋዬም ስለዚህ ጉዳይ በየጊዜው ትጸልይለታለች።

ከተማዋን ለመልመድ አልተቸገረም። ባጃጁ ሦስት ሰው ከኋላ ጭኖ አራተኛውን ሲጠራ «አገሬም እንዲሁ ነው» ይላል። በርበሬውንም ንቆታል። የጎደለበት ነገር ኢንተርኔት ብቻ ነበር። ዘመኑ ልማቱ በየምሽቱ በቴሌቪዥን የሚፋጠንበት፣ የሞባይል ዳታው ግን ወልቂጤ ሲደርስ ትንፋሽ የሚያጥረው ዘመን ነው። ዶክተሩ ካርድ ይሞላና ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ ግቢውን ይዞራል። እንሰቱ ሥር ይቆማል፣ አጥሩ ላይ ይንጠላጠላል፤ አንድ ቀንማ የውኃ ታንከሩ ላይ ወጥቶ ተገኘ። ሸዋዬ በመጀመሪያ የአገሩ ጸሎት መስሏት አክብራ ዝም አለችው።

ቀኑ ሲመሽ ግን ከግቢው ይጠፋል። ወሬው ሳምንት ሳይሞላ ደረሳት፤ ዶክተሩ ሲና ቤት ነው የሚያመሸው። ሲና ዳገቱ ላይ ግሮሰሪ አላት። ድራፍት ትቀዳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦርጋን የሚጫወት ሰው ታስመጣለች፤ መንገድ የሚሠሩት ቻይናዎችና የዩኒቨርሲቲው የውጭ መምህራን በረንዳዋን ሞልተውት ያመሻሉ። የወልቂጤ የምሽት ሕይወት ከሞላ ጎደል ያ በረንዳ ነበር። የቀረው የምሽት ሕይወቷ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ መስቀል ሲደርስ ብቻ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል።

ሸዋዬ የወንጌል አማኝ ናት፤ በመጠጥ ቤት ደጅ ስታልፍ እንኳ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። የዶክተሩን ስም ለጸሎት አስመዘገበች። ጸሎቱ ሳምንት ቢቆይም ለውጥ ስላልታየ ራሱን ጠየቀችው። እሱም ሳይደብቅ አስረዳት። የኔትወርኩ ማማ የቆመው ከሲና በረንዳ ፊት ለፊት ነው፤ ከዚያ ወንበር ሆኖ ከአገር ቤት ጋር ይነጋገራል፤ አንዷ ብርጭቆ ድራፍት የወንበሩ ዋጋ ናት። ሸዋዬ ሲናን በገበያ አግኝታ አጣራች። ሲና ሰውየው ደንበኛ ሳይሆን ኪሳራ መሆኑን፣ ድራፍቱ እስኪሞቅ ስልኩን እንደሚያይ መሰከረች። ሸዋዬ ደስ አላት፤ የጸሎቱን ምዝገባ ግን አላሰረዘችም። ጸሎት ቢተርፍ አይጎዳም።

ነገሩ የተጀመረው በ2008 መስከረም መጀመሪያ ነው። ዶክተሩ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ስለ አገሩ በዓል ያጫውታታል። ኦናም ይባላል፤ በነሐሴ መጨረሻ ነው የሚውለው። ዐረብ አገር ያለውም፣ መርከብ ላይ ያለውም፣ ሁሉም ለዚያ ቀን ወደ እናቱ ቤት ይገባል። ምግቡ የሚቀርበው በሙዝ ቅጠል ላይ ነው። ሸዋዬ በእንሰት ቅጠል ላይ የሚቀርበው ክትፎ ታወሳትና ሳቀች።

«የእኛው ሰዎች ናችኋ! አንተስ ስንተኛህ ነው ሳትገባ?»

ሦስተኛው መሆኑን ነገራት። በክረምት የሚመጡትን መምህራን ስለሚያስተምር ጊዜ አላገኘም።

ፔዳሉ ቆመ። ሸዋዬ ባደገችበት በቸሃ አንድ ሰው ለመስቀል አገሩ የማይገባው በሦስት ምክንያት ነው፤ ሞቶ፣ ታስሮ፣ ወይም ከአባቱ ተጣልቶ። ቤተሰቧ ወንጌል ከተቀበለ ወዲህ ደመራ መለኮሱን ቢተውም ክትፎውንና መሰባሰቡን አልተወም። የክረምት ተማሪ የሚባል ምክንያት ሰምታ አታውቅም። ሰውየው እንዳልሞተ ታያለች። እስር ቤትም አይደለም፤ ጓሮዋ ነው ያለው። ስለዚህ አባቱ ተቀይሞታል፤ እሱም ለእሷ መናገር አፍሯል።

እንዲህ ቶሎ የገባት ያለ ምክንያት አይደለም። ኤፍሬም፣ አንድ ልጇ፣ ሁለት መስቀል አልመጣም። መርካቶ ጨርቅ ይነግዳል። ከሁለት ዓመት በፊት በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ የስፌት መኪና ይዞላት መጣና፣ ሊያስደስታት ብሎ፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ሳለች አሮጌውን ለቡታጅራ ሰው ሸጠው። ሸዋዬ የባሏን መኪና ቡታጅራ ድረስ ሄዳ ተከራክራ አስመለሰች፤ አዲሱን አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭና ለልጇ ላከችለት። ኤፍሬም ስጦታዬን ናቀች አለ። እሷ የአባቱን ዕቃ እንደ ቁራሌ ቆጠረው አለች። ከዚያ ወዲያ ስልክ አልተደዋወሉም። በየመስቀሉ ዋዜማ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጥሩንባ ሲያሰማ ሸዋዬ መኪናዋን አቁማ ታዳምጣለች፤ በሩ ካልተንኳኳ መልሳ ትረግጣለች። ሦስተኛው መስቀል ሊደርስ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። እሱም እንዲሁ ካለፈ፣ አራተኛውን መጠበቅ መቻሏን እንጃ።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። የሄደችው ጋሽ ገሠሠ ዘንድ ነው። ጋሽ ገሠሠ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ በወልቂጤ ሳያስታርቁት የቀረ ጠብ ቢኖር ገና ያልተጀመረ ነው። የዶክተሩን ነገር በጥሞና ሰሙ። ከዚያ ጠየቋት።

«የኤፍሬም ጊዜ እንሂድልሽ ስንል ምን ነበር ያልሽን?»

«የራሴን ልጅ በሽማግሌ አልለምንም ነው ያልኩት። ዛሬም አልለምንም፤ መምጣት ያለበት ልጅ ነው። ይሄኛው የሰው ልጅ ነው።»

«እውነትሽን ነው፤ የሰው ልጅ ማስታረቅ ይቀላል» አሉ ጋሽ ገሠሠ። ሽምግልና ብቻውን አይሆንምና ጎረቤታቸውን ሀጂ ሙስተፋን፣ ቆርቆሮና ሚስማር ነጋዴውን፣ ጨመሩ።

ለዶክተሩ የተነገረው ሽማግሌዎች አባቱን ሰላም ሊሉ እንደፈለጉ ብቻ ነው። ደስ አለው። አንድ ችግር ነበር፤ ምስል የሚያሳይ ኔትወርክ ያለው ሲና ቤት ብቻ ነው።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ወጡ። ሲና የድራፍት ብርጭቆዎቹን አንስታ ጥጉን ጠረጴዛ በሻይና በለስላሳ አሰማመረችው። ሀጂ ሙስተፋ ጀርባቸውን ለጠርሙሶቹ ሰጥተው ተቀመጡ። ሸዋዬ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናነበች፤ የሆነ ሆኖ በመንገዱ ያለፈው ሁሉ በስሟ ጠርቶ ሰላም አላት። ዶክተሩ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፎ ደወለ። ነጭ ሪዛም ሽማግሌ በካናቴራ ብቅ አሉ፤ የተደረደሩትን ሰዎች ሲያዩ ጠፉና ሸሚዝ ለብሰው ተመለሱ። ከኋላቸው እናቱ ቆመዋል።

ጋሽ ገሠሠ ተነሡ። ከሲና አጥር ሥር የነቀሉትን እርጥብ ሳር እንደ ሽምግልናው ደንብ በሁለት እጃቸው ይዘው ለስልኩ አሳዩ። ልጅ ያጠፋል፣ አባት ይቀየማል፣ እግዚአብሔር ግን ይቅር ባይ ነው ብለው፣ ይህ ልጅ ያደረገው ሁሉ በእኛ ሽበት ይቅር ይባል ሲሉ ለመኑ። ሀጂ ሙስተፋ «ኢንሻአላህ» ብለው አጸኑት።

ዶክተሩ ወደ ሸዋዬ ዞረ። ሸዋዬ ተርጉም በሚል ዓይን አየችው። የቁጥር ሰው ነውና ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመ።

እናቱ ማልቀስ ጀመሩ። አባቱ በጥያቄ አጣደፉት፤ ታስረሃል ወይ? ሳትነግረን አግብተሃል? ሰው ገጭተሃል? ዶክተሩ ምንም አለማጥፋቱን ሲምል አባቱ ማመን አቃታቸው። ምንም ካላጠፋህ እነዚህ የተከበሩ ሰዎች ሳር ይዘው የቆሙት ለምንድን ነው? ነገሩን እያሰቡት ሲሄዱ ቅያሜው ከየትም ተሰብስቦ መጣላቸው። ሦስት ኦናም አልገባም። ላማቸው የሞተች ጊዜ እንኳን አልደወለም። የክረምት ተማሪ ይላል፤ ተማሪ እናት አለው ወይ? ዶክተሩም ተናደደና እሱም እንደተዳፈነ ፍም ከሥር ያለውን አወጣ፤ ሁሌ እኔ ነኝ የምደውለው፣ እናንተ አንድ ቀን ደውላችሁ አታውቁም አለ። አንድ ሩብ ሰዓት በኬረላ ቋንቋ ተጯጯሁ።

«አየሽ፤ ደህና ጠብ ነበር» አሉ ሀጂ ሙስተፋ ለሸዋዬ በሹክሹክታ። ሸዋዬ በኩራት ራሷን ነቀነቀች።

ጋሽ ገሠሠ ጩኸቱን በሳሩ አስቆሙት። ልጁ ለሚቀጥለው ኦናም ሳይገባ እንዳይቀር ፈረዱ፤ አባትም በወር አንዴ በራሳቸው ካርድ እንዲደውሉ። ሁለቱም ተቀበሉ። አባቱ አመሰገኑና ወደ ሸዋዬ እያመለከቱ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ለእኔ ልጅ እንዲህ ያሰበች እናት ልጆቿ ሁሉ ለበዓል ይገቡላት ይሆናል ይላል» አለ ዶክተሩ።

ጋሽ ገሠሠ ሳሩን መመልከት ያዙ። ሀጂ ሙስተፋ ለስላሳቸውን አነሡ።

«አንድ ልጅ አለኝ። አዲስ አበባ ነው» አለች ሸዋዬ።

አባቱ መንገዱ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቁ። ሦስት ሰዓት ተባሉ። ከዚያ የተናገሩትን ዶክተሩ መተርጎም አልፈለገም።

«ተርጉም» አለችው።

«'በእኔና በልጄ መሀል ባሕር አለ፤ በእርስዎና በልጅዎ መሀል ምን አለ?' ይላል።»

የስፌት መኪና፣ አለች ሸዋዬ በልቧ። ባዕድ ሽማግሌ ፊት አፍ አውጥቶ የሚነገር አልመሰላትም።

አባቱ ሊመርቁ እጃቸውን አነሡ። ምርቃቱ ተጀመረ፤ ሽማግሌዎቹ «አሜን» አሉ። የአባቱ እጅ እንደተነሣ ቆየ። ደግመው «አሜን» አሉ። አምስተኛው አሜን ላይ ሲና መጥታ ኔትወርኩ ቀጥ ብሎ መቆሙን ባትነግራቸው ኖሮ እስከ መግሪብ አሜን ይሉ ነበር።

ለመነሣት ሲሰናዱ ሸዋዬ ከወንበሯ አልተንቀሳቀሰችም። ከቦርሳዋ ባለ ቁልፍ ስልኳን አወጣች። ቁጥሩን አልረሳችውም። ጋሽ ገሠሠ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። የኦርጋን ተጫዋቹ ለማታው መሣሪያውን መሞከር የጀመረው ልክ ስልኩ ሲነሣ ነው።

«እማዬ?» አለ ኤፍሬም። «ምን ሆነሽ ነው? ምንድን ነው ሙዚቃው?»

ሁለት ዓመት ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሲና ቤት ነኝ።»

«የቷ ሲና?»

«ዳገቱ ላይ ያለችው። ባለ ግሮሰሪዋ።»



«ከማን ጋር?»

ዙሪያዋን አየች። ዶክተሩና ጋሽ ገሠሠ ወደ ደጅ ወጥተዋል።

«ከሀጂ ሙስተፋ ጋር» አለች።

«ነገ እመጣለሁ» አለና ዘጋው።

መልሳ ደውላ ልታስረዳው ትችል ነበር። ካርድም ነበራት። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሲናን ሻይ ድገሚኝ አለቻት።

እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሴቶች ኅብረት ጠበቃት። ኔትወርክ ፍለጋ መሄዷን ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ዐረብ አገር ልጅ ያላቸው ሦስቱ የምስሉን ጥራት ጠየቋት። ቤቷ ስትደርስ ኤፍሬም በረንዳው ላይ ተቀምጧል። መስቀል ሊደርስ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ከእግሯ እስከ ራሷ አያት፤ ጠረን እንደሚያሸት ሰው ጠጋ ብሎ ሳማት። ሸዋዬ ሳቋን ዋጠች።

ስለ መኪናው አንዳቸውም አላነሡም። ኤፍሬም ግን ከኪሱ አንድ ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ ከመርፌው ጎን አስቀመጠ። የስፌት መኪና ዘይት ነው።

«ለየትኛው መኪና?» አለችው።

«ላለው» አለና ተንበርክኮ ፔዳሉን መቀባት ጀመረ።