የጤዛ ምድር ምስጢር ጠባቂ

ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ጎሚስታው ሌባ ጣቱን በምላሱ ያረጥብና ትናንት ጠግኖ ያሳደራቸውን ጎማዎች መንፊያ አንድ በአንድ ይነካል። ምራቁ ፊኛ ከሠራ ጎማው ይተነፍሳል ማለት ነው። ፊኛ ካልሠራም አያምንም፤ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። አዳምጦም አያምንም፤ ጎማውን አንስቶ ደጃፉ ላይ ባለው የውሃ ገንዳ ውስጥ ይነክረዋል። "ሰው ይዋሻል፣ ጎማም ይዋሻል፣ ውሃ ግን አይዋሽም" ይላል።

ሰፈሩ "ጋሽ ጠርጥር" ብሎ የሰየመው ለዚህ ነው። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር" የምትለዋን ተረት ከአፉ አያወርዳትም። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ብቻውን ያሳደጋት ልጁ ነርስ ሆና በሰፈሩ ክሊኒክ ስትቀጠር እንኳ፣ ሥራ አስኪያጁን "ለመሆኑ የእውነት ክሊኒክ ነው?" ብሎ ጠይቆ መሬት እስክትገባ አሳፍሯታል።

እንዲህ ያለ ሰው ጨዋታ ይወዳል ብሎ የገመተ አልነበረም። ነገሩን ያመጣው ከጎሚስታው ሱቅ ጎን የሚሠራው ወጣት ፋርማሲስት ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ በፋርማሲው ጓዳ፣ በመድኃኒት ካርቶኖች መሃል አራት ሆነው ይቀመጣሉ፦ ፋርማሲስቱ፣ ጋሽ ጠርጥር፣ ነርሷ ልጁና የጎሚስታው የልብ ወዳጅ የሆነ የሚኒባስ ሾፌር። ጨዋታው በአፍ ነው። ፋርማሲስቱ በምናቡ የፈጠራትን አገር ይተርካል፤ ሌሎቹ የዚያች አገር ሰዎች ሆነው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ነገሩ ለዕድል ሲተው ዳይስ ይጣላል። አገሪቱ ጤዛ ምድር ትባላለች። ጠላቷ ግርዶሽ ወታደር አይልክባትም፤ የሚልክባት ሐሳብ የሚያነቡ፣ በመስታወት አሻግረው የሚያዩ፣ የሰው መልክ ለብሰው የሚገቡ ሰላዮችን ነው። ግርዶሽን ሆኖ የሚጫወተውም ፋርማሲስቱ ራሱ ነው።

ሾፌሩ የጦር አዛዥ ሆነ፤ ነርሷ የሕፃኑ ንጉሥ ሞግዚት። "ምስጢር ጠባቂስ ማን ይሁን?" ሲባል ሾፌሩ ሳቀ።

"ይሄ ደግሞ ይጠየቃል? የገዛ ጥላውን መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ!"

ጋሽ ጠርጥር ሹመቱን እንደ እውነት ተቀበለ። ምክር ቤቱ ከሚሰበሰብበት አዳራሽ መስታወት አስወጣ፤ መስታወት ብቻ ሳይሆን ውሃ የያዘ ሳሕን፣ የተወለወለ ጋሻ፣ የሚያብረቀርቅ ቁልፍ ሳይቀር። መልእክተኞች በልባቸው የልጆች ዜማ እያንጎራጎሩ እንዲሄዱ አዘዘ፤ ሐሳብ አንባቢው ቢያዳምጥም ከዜማው በቀር የሚሰማው እንዳይኖር። ዘብ የሚሄድበትን መንገድ ሰው እንዳይመርጥ፣ በዳይስ እንዲወጣ አደረገ። "ጠንቋይ የሰው ሐሳብ ያነባል፤ ዳይስ ምን ሐሳብ አለው?"

ከሁሉ ግን የሚኮራባት አንዲት ዘዴ ነበረችው። መልክ የለበሰ ሰላይ የሰውየውን ትዝታ አብሮ ስለሚሰርቅ፣ ለሚጠየቀው ሁሉ ትክክለኛውን መልስ ያውቃል። ስለዚህ በጤዛ ምድር በር የሚያልፈው ውሸት የመለሰ ብቻ ነው። ጋሽ ጠርጥር እሑድ እሑድ ጓዳው በር ላይ ይቆማል።

"ስንት ልጅ አለህ?" ይለዋል ሾፌሩን።

"ልጅ የለኝም። ሁለት ግመልና አንድ ትራፊክ ፖሊስ ነው ያለኝ።"

"እለፍ።"

ነርሷ አባቷ ሆዱን ይዞ እስኪያቃስት ሲስቅ ያየችው ከስንት ዘመን በኋላ በዚህ ጓዳ ነበር።

በዚሁ መሃል ከሩቅ ከተማ፣ ከትልቅ ሆስፒታል የሥራ ጥሪ መጣላት። የሕፃናት ክፍል ነው፤ ተማሪ ሳለች ጀምሮ የምትመኘው። ለአባቷ ስትነግረው ከጎማ ላይ ሚስማር እየነቀለ ነበር።

"ጥሩ ነው" አለ፣ ቀና ሳይል።

አንጀቷ አልቻለም። "አሁኑኑ እኮ አይደለም አባዬ። የጤዛ ጦርነት ይለቅና ነው" አለችው፣ እንዲቀለው ብላ። ጦርነቱ ወደ ማለቂያው ደርሶ ነበር። በፋርማሲስቱ ሕግ ግርዶሽ የሚኖረው ምስጢር እየበላ ነው፤ ሦስት እሑድ ተከታትሎ ከጾመ ዓይኑ ይጠፋል፣ ጤዛ ምድርም ነጻ ትወጣለች። ሁለቱ እሑድ በሰላም አልፈዋል።

በሦስተኛው ምስጢር ሾለከ።

ጨዋታው ሳይጀመር እያንዳንዳቸው በየተራ ከፋርማሲስቱ ጋር ወደ ኮሪደሩ እየወጡ የግል ዕቅዳቸውን በጆሮው ይነግሩታል። ከሃዲ ካለ ምስጢር የሚሸጠውም እዚያ ነው። የዚያን ቀን ፋርማሲስቱ ተመልሶ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ድልድዩ ሥር የደበቃችሁትን እህል ግርዶሽ አገኘው።"

"ማን ነግሮት?" አለች ነርሷ።

"እሱን ብትገድሉኝም አልናገር። ከእናንተ አንዱ ነው።"

በሳምንቱ ደግሞ የውሃ ጉድጓዱ ታወቀ። ከዚያ ወዲያ ጓዳው ጠበበ። ነርሷ ኮሪደሩ ላይ ማን እንደቆየ በጆሮዋ መለካት ጀመረች። ሾፌሩ ቶሎ ይመለሳል፤ ቶሎ መመለሱ ራሱ አጠራጠራት። አባቷ ይቆያል፤ ግን እሱ ዳቦ ሲገዛም ሁለቴ ነው የሚጠይቀው። ፋርማሲስቱ ዓይኗን መሸሽ አብዝቷል። ሾፌሩ ስኳር ሲያቀብላት እንኳ፣ ምነው ዛሬ ደግ ሆነ አለች በልቧ። ወዲያው በራሷ አፈረች፤ ስኳሩን ግን እያየችው ቀስ ብላ ነው የጨመረችው።

ያኔ ነው ሾፌሩ የተሳሳተው። ሚኒባሱ ሞተሩ ተቃጥሎ ሳምንቱን ጋራዥ ለጋራዥ ሲንከራተት ከርሞ፣ ሐሳቡ እዚያው እንዳለ በሩ ላይ ደረሰ።

"ሚስትህ ምን ትሠራለች?" አለው ጋሽ ጠርጥር።

"ልብስ ትሰፋለች።"

እውነት ነበር።

"ኧረ ደክሞኝ ነው! ረሳሁት እኮ!"

"መልክ የለበሰ አይረሳም። እንዲህ አሳምሮ ያውቃል እንጂ።"

"ጠርጥር፣ ቀልዱን ተው።"

"ማን ቀለደ? ውጣ።"

ነርሷ የአባቷን ድምፅ አወቀችው፤ የጨዋታ ድምፅ አልነበረም። ሾፌሩ ኮፍያውን ከራሱ አውልቆ መልሶ ደፋው።

"የሚስትህን ሬሳ በእኔ መኪና ስንሸኝ፣ ማን ነህ ብለህ አልጠየቅኸኝም" አለና ወጣ።

ያን ሳምንት ሾፌሩ በተዋሰው ታክሲ በጎሚስታው ደጅ ሲያልፍ ጡሩንባውን አልነፋም። ጎማው ሲተነፍስበት ማዶ ላለው ጎሚስታ ሰጠ። ጋሽ ጠርጥር አየ። እጁን ገንዳው ውስጥ ከትቶ፣ ጎማ በሌለበት ውሃውን ሲያይ ቆየ።

በሚቀጥለው እሑድ ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ነርሷ ሕፃኑን ንጉሥ ወፍጮ ቤት ደብቃው፣ የደበቀችበትን ለአባቷ ብቻ ነግራዋለች። ከሃዲው ሾፌሩ ከሆነ ከእንግዲህ የሚሾልክ ነገር አይኖርም፤ ጦርነቱ ያልቃል፣ እሷም ትሄዳለች። ሾፌሩም ከሃዲ እንደተባለ ይቀራል።

አባቷ ከኮሪደሩ ተመለሰ። ተከትሎት የገባው ፋርማሲስት ፊቱ ጠቁሯል።

"ግርዶሽ ወፍጮ ቤቱን ከበበው" አለ።

ነርሷ ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ ጥቀርሻ የጠጣ ጥፍሩን እየፋቀ ነበር።

"ሾፌሩ አልነበረማ" አለች።

"አልነበረም።"

"ታዲያ የቀረነው..."

"ስንት እንደቀረን አውቃለሁ፣ ልጄ።"

ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት። ዛሬ ዝም ቢል ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር፤ ነውሩ ጓደኛው ላይ እንደተለጠፈ ይቀር ነበር። አባቷ ግን ልጁ ፊት ለፊት ተቀምጣ እያየችው ራሱን ውሃ ውስጥ ነከረ፣ ፊኛው ከየት እንደሚወጣ እንድታይ። ለምን ብላ አልጠየቀችውም። የታመመውን ቦታ ለማወቅ ሁልጊዜ መጫን እንደማያስፈልግ ከሥራዋ ተምራለች።

ጋሽ ጠርጥር ተነስቶ በቀጥታ ወደ ሾፌሩ ቤት ሄደ። ነርሷ ከኋላ ከኋላ ተከተለችው። በሩን አንኳኳ።

"ማን ነው?"

"ሰላዩ።"

"የትኛው?"

"እውነተኛው።"

በሩ ገርበብ አለ። ሾፌሩ እጁን አጣምሮ መግቢያውን ሞላው፤ ከኋላው የሚስቱ የስፌት መኪና ድምፅ ተቋረጠ።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አለ ሾፌሩ። "አንተ ጥሩ ሰው ነህ?"

ጋሽ ጠርጥር ጥቂት አሰበ። "ነኝ" አለ።

"እለፍ። ውሸትህን ነው።"

ከዚያ በኋላ አንድም ምስጢር አልሾለከም። ግርዶሽ ዓይኑ ጠፋ፤ ጤዛ ምድር ነጻ ወጣች፤ ሾፌሩ የነርሷን ሻንጣ ጭኖ አውቶቡስ ተራ አደረሳት። ጋሽ ጠርጥር ታሪኩን አሁን ለደንበኞቹ ሁሉ ያወራል። "ከሃዲው ጠባቂው ራሱ ነበር! ስንጥሩ ማንኪያውን ይዞ ተቀምጧል!" እያለ ይስቃል።

አንዲት ደንበኛው ታሪኩን ልጻፈው ስትለውም እንቢ አላለም። ክህደቱ ይጻፍ፤ ወዳጁን በሐሰት መወንጀሉም ይጻፍ። "ዋጋውን ግን ተዪው" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ፋርማሲስቱ ባወጣው ሕግ፣ ከሃዲ ምስጢር ከመሸጡ በፊት ዋጋውን መጥራት ግዴታው ነው። በመጀመሪያው ቀን ፋርማሲስቱ ኮሪደሩ ላይ ግርዶሽን ሆኖ ዙፋን አቀረበለት፤ ጎሚስታው ራሱን ነቀነቀ። ቤተ መንግሥት አቀረበለት፤ ሞት የማይደፍረው ዕድሜ አቀረበለት።

"ሌላ እሑድ ጨምርልኝ" አለው ጋሽ ጠርጥር።