ጎሬዋ የታወቀባት የዱር ድመት

የዱር ድመት ከቤት ድመት የምትለየው በእግሯ ነው፤ ይረዝማል። የጆሮዋ ጀርባ የሸክላ መልክ አለው፤ ጅራቷ ጥቁር ቀለበት አለበት፤ ጫፉ ዱልዱም ነው። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ከብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሸሽቶ በጓሯችን ክፍል በከረመበት ዓመት፣ አንዲቱ ከደቻቱ ወንዝ ወጥታ፣ አባቴ ከባቡር መሥሪያ ቤቱ አምጥቶ አጥር ሥር በከመረው አሮጌ የሐዲድ እንጨት ውስጥ ወለደች።

ወንድሜ ቀን ቀን ስለማይወጣ ሥራው በመስኮት እሷን ማየት ሆነ። ያየውንም ምሳውን ሳደርስለት ያወራኛል። ወተት ብናስቀምጥላት አልነካችም፤ ኩራቷ ያበሽቀኝ ነበር። አጥር ሥር አድፍጣ አይጥ ትጠብቃለች፤ ከያዘችም ማጅራቱን ነክሳ ወዲያው ትገላግለዋለች። እንደ ሰፈራችን ድመቶች እየለቀቀች አትጫወትበትም። ልጆቿንም ብቻዋን ነው የምታሳድገው፤ ወንዱ ዝር አይልም። እናቴ ይህን ስትሰማ ወንድ የትም ያው ነው ብላ አባቴን ገረመመችው። በዚያ ዓመት የሳቅነው ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

አንድ ቀን አባቴ እንጨት ሊያነሳ ሄዶ ግልገሎቹን አየ። አልነካቸውም፤ እንጨቱን መልሶ ተወው። እሷ ግን በዚያ በድሬ ጠራራ ፀሐይ አንድ በአንድ በማጅራታቸው አንጠልጥላ፣ ደረቁን ወንዝ አቋርጣ ወደ ማዶ ወሰደቻቸው። የዱር ድመት ጎሬዋ ከታወቀባት አታድርበትም።

እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አየቻት። ራት ላይ፣ ልጁን ወደ ገጠር፣ ጀልዴሳ፣ ወተት የምታመጣልን ሴት ቤት እንላከው አለች። አባቴ እምቢ አለ። የቀበሌው ሹም አበልጁ ነው፤ ወንድሜን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ለካ አባቴ ከአበልጅ ምስጢር አይደበቅም ብሎ፣ ልጁ የት እንዳለ ነግሮት ኖሯል።

«ያቺ እንስሳ እንኳ ሰው አየኝ ብላ ልጆቿን አሸሸች» አለችው እናቴ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ብሎ አሾፈባት። አበልጅ የክርስትና ልጁን አሳልፎ እንደማይሰጥ ከልቡ ያምን ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ የቀበሌ ጠባቂዎች መጡ። ዋናውን ቤት አልፈተሹም፤ በቀጥታ ወደ ጓሮ ነው ያለፉት። ያን ቀን አባቴን ጠላሁት።

ከወንድሜ ደብዳቤም ወሬም አልመጣም። ለፋሲካ ሹሙ እንደ ወትሮው ድፎ ዳቦ አስይዞ ቤታችን መጣ። አበልጅ ከደጅ አይመለስምና ገብቶ ተቀመጠ። እናቴ ማስታጠቢያውን አምጥታ፣ ውሃውን ቀስ አድርጋ እያፈሰሰችለት፣

«የክርስትና ልጅህ ዛሬ በምን ገድፎ ይሆን?» አለችው።

ሰውዬው እጁን መታጠቡን ቀጠለ። ያለቀሰው አባቴ ነው።