የመጀመሪያው ዓሣ

ባለፈው ወር ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ደጀን ላይ የአውቶቡሳችን ጎማ ተነፈሰ። ጎሚስታው የተቀደደውን በእሳት ሲለጥፍ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ መንገዱን ሞላው። ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲሸሽ እኔ አጠገቡ ቆሜ ቀረሁ። ጎሚስታው ቀና ብሎ አየኝና «አባባ፣ ጭሱ አይጎዳዎትም?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ይህ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር አንድ ቤት ትዝ ይለኛል፤ ቤቱ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ዛሬም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የምገባበት ይጠፋኛል። ላንተ ልንገርህ፤ ለሌላ ሰው ነግሬው አላውቅም።

ያኔ ደብረ ማርቆስ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ዘመኑ የንጉሡ ነው። ሳይንስ የሚያስተምረን አንድ ወጣት ፈረንጅ ነበር። ያደገው ባሕር ዳርቻ ስለሆነ ወደኛ ሲመጣ ከመጻሕፍቱ ጋር ሁለት የዓሣ ጠመንጃ ይዞ መጣ። «የዓሣ ጠመንጃ» የሚለውን ስም ያወጣንለት እኛ ነን። ባሩድ የለው፣ ጥይት የለው፤ ላስቲኩን ስበህ ትወጥረዋለህ፣ ምላጩን ስትነካው ሹል የብረት ዘንግ ውኃ ውስጥ ይወረውራል። አንደኛው ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ፣ ሰደፉ የተወለወለ እንጨት፣ ባለ ሁለት ላስቲክ ነበር። ሌላው ከክንዴ ብዙም የማይበልጥ ብረት። መምህሩ ሁለቱንም አልጋው ላይ ዘርግቶ «የቱን ትመርጣለህ?» አለኝ። ረጅም ጠመንጃ ፊቱ ተቀምጦለት አጭሩን የሚያነሳ ጎጃሜ ገና አልተወለደም። ረጅሙን አነሳሁ። መምህሩ ሳቀና ተወኝ።

ጨሞጋ ከከተማው ርቆ ወደ ቆላው መውረድ ሲጀምር በአለት መሐል ኩሬ ኩሬ እየሠራ ይሄዳል። በመጋቢት ውኃው ስለሚጎድል ታች ያለው ጠጠር እንኳ ይታያል። የአካባቢው ሰው ዓሣ ሲያምረው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ እዚያ ይበትን ነበር፤ ዓሣው ይሰክርና ትልቁም ጫጩቱም ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። መምህሩ ይህን ባየ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ከፍቶት ዋለ። በጠመንጃ ግን የምትፈልገውን አንዱን መርጠህ ትወጋለህ፣ ሌላው ይኖራል ይለኝ ነበር።

እኔ ግን በዚያ ረጅም ጠመንጃ አንድም አልወጋሁ። ኩሬው ጠባብ ነው፤ ዓሣው ወደ ግራ ሲታጠፍ እኔ ጠመንጃውን ለማዞር ስታገል አፈሙዙ ከአለት ጋር ይላተማል። ላስቲኩ ደግሞ ሲበዛ ኃይለኛ ነበር። ዘንጉ ዓሣውን ስቶ ድንጋዩን መታና ጫፉ ተጣመመ። ለጨው ውኃ የተሠራ ስለነበረም ከእጄ ስለቀው ወደ ታች ሰመጠ፤ ባሕሩ ያንሳፈፈውን የኛ ወንዝ አልሸከም አለ። መምህሩ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የሁለት ዓመት አገልግሎቱ እያለቀ ነበርና «ያንተ ይሁን» አለኝ፤ «ለወንዝህ እንዲሆን አድርገህ ሥራው።»

እንጨቱን ቆርጬ ማሳጠር እችላለሁ። ብረቱን ግን ማን ይሠራዋል? ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር አንድ ቀጥቃጭ ይኖሩ ነበር። ቀጥቃጭ በዚያን ጊዜ እንዴት ይታይ እንደነበር አንተም ሰምተሃል። ገበሬው ማረሻውን ከእጃቸው ይቀበላል፤ እንጀራ ግን ከቤታቸው አይቀምስም። ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባል ነበር። እናቴ የት እንደምሄድ ስትሰማ «ብረትህን ተቀብለህ ና፤ እህል ግን አፍህ እንዳይገባ» አለችኝ። እኔም ሳቅሁባት። በዚያው ዓመት ቡዳ የሚባል ነገር እንደሌለ በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ ክፍል ፊት አንብቤ፣ ተጨብጭቦልኝ ነበራ! ሰው ሁሉ ቀጥቃጩን «አንተ» ሲላቸው እኔ «እርስዎ» እላቸው ነበር፤ በዚህም ራሴን እንደ ትልቅ ሰው ቆጥሬዋለሁ።

ቀጥቃጩ ጠመንጃውን ሲቀበሉኝ መጀመሪያ የነኩት ምላጩን ነው። ሳቡት፣ ለቀቁት፣ ጆሮአቸውን አስጠግተው እንደገና ሳቡት። «ይሄን የሠራ ሰው ጎበዝ ነው» አሉ። «ወንዛችንን ግን አያውቀውም።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት በኋላ እሳቸው ዘንድ መዋል ሆነ ሥራዬ። ሚስታቸው ወናፉን ይነፋሉ፣ እሳቸው ይቀጠቅጣሉ፣ እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ ከአሮጌ የካሚዮን ጎማ የውስጡን ላስቲክ እሸነሽናለሁ። ቁርጥራጩ እሳቱ ውስጥ ሲጣል ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። እንጨቱን ሁለት ስንዝር አሳጠርነው። ሁለቱን ላስቲክ ትተን አንድ ብቻ አደረግን፤ ሲወጠር እጅ የማይቆርጥ፣ ሲለቀቅ አለት ላይ ዘንግ የማያጣምም። እንዲንሳፈፍ ከሰደፉ ግራና ቀኝ ደረቅ ቀርከሃ አሰርንበት። ዘንጉ ጫፍ ላይ ቀጥቃጩ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ሁለት ትንንሽ ክንፎች ሠሩለት፤ ሲገባ ይታጠፋሉ፣ ዓሣው ሊያመልጥ ሲስብ ይከፈታሉ። ይህንን አራት ጊዜ አፍርሰው ሠሩት። እኔ በሁለተኛው ይበቃል ብዬ ነበር፤ «ላንተ በቅቶህ ይሆናል፣ ለዓሣው አልበቃውም» አሉኝ።

ሥራው ሲያልቅ ዋጋቸውን ጠየቅኋቸው።

«ብርህን ለደብተርህ አድርገው» አሉኝ። «የመጀመሪያውን ዓሣ ወደዚህ አምጣውና እዚሁ ቤት አብረን እንብላው። የኔ ዋጋ ይሄው ነው።»

ሚስታቸው ወናፉን አቆሙ። ነገሩን ከንግግራቸው የተረዳሁት ያኔ ነው። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ሰባት ዓመቷ፤ አባትየው በመስከረም ተማሪ ቤት ሊያስገቧት ፈልገዋል፣ እናትየው እንቢ ብለዋል። ከዚያ በፊት የእናትየው እህት ልጅ እዚያ ገብቶ አብሮት የሚቀመጥ ጠፍቶ፣ ምሳውን ብቻውን ከአጥር ሥር እየበላ ከርሞ፣ ወር ሳይሞላው ቤቱ ተመልሷል።

«ያ ድሮ ቀረ» አሏቸው ባልየው። «የዛሬ ተማሪ እንዲያ አይደለም። ይሄ ልጅ ቤታችን ገብቶ ሲበላ ታያለሽ። ከበላ በመስከረም እወስዳታለሁ።»

ሚስትየው እኔን ትክ ብለው አዩኝና «እሺ፤ ከበላ» አሉ።

«እበላለሁ እንጂ!» አልኩ። አልዋሸሁም። የምበላ መስሎኝ ነበር።

ፋሲካ አለፈ። በግንቦት፣ ትምህርት በተዘጋበት አንድ ረቡዕ ማለዳ ወደ ወንዙ ወረድኩ። እስከ ወገቤ ገባሁ፤ ውኃው ያንቀጠቅጣል። ዓሣ ከላይ ሲያዩት ከሚታይበት ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ በክፍል ተምሬው፣ በወንዝ ረስቼው፣ አሁን ገና ገብቶኛል። አንድ አምባዛ ከአለት ሥር ጢሙን እያንቀሳቀሰ ተኝቷል። አፈሙዙን ከሆዱ በታች አነጣጥሬ ምላጩን ሳብኩ። ከዘንጉ ጋር የታሰረው ገመድ እጄ ውስጥ ተወጠረ። ዓሣው ጎተተ፣ እኔም ጎተትኩ፤ ክንፎቹ ልክ ቀጥቃጩ እንዳሉት ተከፍተው ያዙት። ዳር ላይ ሳወጣው ብቻዬን እልል አልኩ። ክንዴን የሚያህል ነበር።

ቀጥቃጩ ከሩቅ ሲያዩኝ መዶሻቸውን ጥለው ሊቀበሉኝ ወጡ። ቤቱ ተጠርጎ፣ ከብረቱ ጥላሸት ራቅ ብሎ መደቡ ላይ ነጭ ጋቢ ተነጠፈልኝ። ዓሣው እስኪሠራ ልጅቱ አጠገቤ ተቀምጣ ትጠይቀኝ ጀመር። ጠመኔ ይጣፍጣል ወይ? መምህሩ ሲቆጣ በምን ይመታል? ዓሣ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ነገርኳት። «ፊሽ፣ ፊሽ» እያለች ወደ ጓዳ ሮጣ ለእናቷ ስትነግር ሰማኋት። እናትየው ሲስቁ የሰማሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ገበታው ቀረበ። በርበሬውና ቅቤው ቤቱን አወደው። ተርቤ ነበር፤ ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ቀጥቃጩ ባርከው ቆረሱና አንዴ ጎረሱ፤ ከዚያ ሁሉም እጅ ቆመ። ባልየውም፣ ሚስትየውም፣ ልጅቱም የኔን እጅ ያያሉ። እጄን ዘረጋሁ። እንጀራውን ነካሁት፣ ትኩስ ነበር። በዚያች ቅጽበት ምን እንደሆንኩ እስከ ዛሬ በደንብ ልነግርህ አልችልም። ያ በእንግሊዝኛ የጻፍኩት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። የመጣብኝ የእናቴ ድምፅ ነው፤ አንድ ጎረቤታችን ቀጥቃጭ ቤት ቀምሳ ታማ ሞተች ሲባል በልጅነቴ የሰማሁት ነው። ፈራሁ።

«እኔ እንኳ... ጾመኛ ነኝ» አልኩ።

ረቡዕ መሆኑን ብቻ ነው ያሰብኩት። ገና ከተናገርኩት ግን ገባኝ። በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ በአገራችን የለም። የምጠባበቀው እንዲቆጡኝ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አዎ፤ ረቡዕ ነው እኮ» አሉ ቀጥቃጩ ወደ ሚስታቸው ሳያዩ። «ተማሪ ቤት አጥብቀው የሚጾሙ አሉ።»

ልጅቱ እናቷን ቀና ብላ አየችና «እማዬ፣ ዛሬ ጾም ነው እንዴ?» አለች።

«ለሱ ነው» አሉ እናትየው። «አንቺ ብዪ።»

ልጅቱ ብቻዋን በላች። ባልየው ሁለተኛ አልጎረሱም። ስወጣ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙኝ፤ እንደ ወትሮው ስለ ጠመንጃው ነበር የሚያወሩኝ። ሳትተኩስበት ላስቲኩን ወጥረህ አታሳድረው፣ ይደክማል። ክንፎቹን ዘይት ቀባቸው። ጫፉ ሲዶለዱም መልሰህ አምጣልኝ። እኔም «እሺ፣ እሺ» እያልኩ መሬት መሬት አያለሁ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፤ መንገዱ ሲያልቅ እዚያው ዋጥኩት።

ክረምቱን ሙሉ ጠመንጃውን አልነካሁትም። ወንዙ ሞላ፣ መምህሩ አገሩ ገባ። ለእናቴ «ያስጠነቀቅሽኝን አልረሳሁም» ብዬ ልነግራት እንኳ አፈርኩ፤ በእሷ እንደተሳለቅሁባት ነው የቀረሁት። ሌሊት ሌሊት አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፤ በመስከረም ያመጧት ይሆናል። አንድ ልጅ አልበላ ስላለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይተዋል? እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

በመስከረም አዲስ ተማሪዎች ሲመዘገቡ እኛ ትልልቆቹ ስም በመጻፍ እንድናግዝ ተመደብን። ሦስት ቀን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ። በጭቃ የተለወሱ አባቶች ልጆቻቸውን በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። ከሩቅ ገጠር ሁሉ መጡ። እሳቸው አልመጡም። አራተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ተነስቼ ወረድኩ። በልቼ ልመለስ ነው የሄድኩት። የቀረበልኝን ሁሉ፣ ቆሎም ይሁን ደረቅ እንጀራ፣ እበላለሁ፤ ከዚያ ሰኞ ራሴ እጇን ይዤ አስመዘግባታለሁ ብዬ ወስኛለሁ።

መንገዱ ሁሉ አደይ ነበር። ፀሐዩ ከረር ብሎ ስደርስ አልቦኝ፣ ምላሴ ደርቋል። ቀጥቃጩ ገበያ ወርደዋል። ሚስትየው ከበሩ ላይ ሆነው ሰላምታዬን መለሱልኝ፤ ግባ አላሉኝም፤ ዞረው ወደ ውስጥ ገቡ። ደጁ ላይ ቆሜ ምን እንደምል ሳውጠነጥን ልጅቱ ማሰሮ አንጠልጥላ፣ ትንሽ ጣሳ ይዛ ብቅ አለች። በአንድ ክረምት ረዝማለች። አየችኝና እንደ ድሮው ፈገግ አለች፤ ቂም የሚባል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም።

«ጠምቶሃል» አለችኝ።

«በጣም» አልኳትና ጣሳውን ልቀበላት እጄን ሰደድኩ።

ልጅቱ ጣሳውን ወደ ኋላዋ ሸሸግ አደረገችው። «አይ፣ በዚህ እኛ ጠጥተንበታል» አለች፤ ቀስ ብላ፣ እኔን ከችግር ለማዳን እንደምትጥር ሰው። «እጅህን እንዲህ አድርግ።» ሁለት መዳፎቿን ገጥማ አሳየችኝ።

ግድ የለም፣ በጣሳው ስጪኝ ማለት ነበረብኝ። ለዚያ ነበር ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት። እጆቼን ገጥሜ ዘረጋሁ፤ እሷም የማሰሮው አፍ ጣቶቼን እንዳይነካ እየተጠነቀቀች፣ ከፍ አድርጋ፣ እስክጠግብ ድረስ አፈሰሰችልኝ።