አጎቴ ከማንጎው ሥር

ጤና ጣቢያ ያለችው የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ መጀመሪያ የሄድኩት ከአጎቴ ጋር ነው። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ሌላ አካሄድ መኖሩንም አላውቅም። ተራራው ላይ ባለችው መንደር በኦቾሎ ተወልደን ያደግን ሰዎች ጉዳይ ሲኖረን ብቻችንን አንሄድም። ነገር የሚያውቅ፣ አንደበቱ የተፈታ ሽማግሌ ከፊት ይቀድማል፤ ባለጉዳዩ አንገቱን ደፍቶ ይከተላል። ስለዚህ አጎቴ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከመንገድ ዳር የቀጠፉትን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊቴ ገቡ። እኛ ዘንድ ሣር መያዝ ለሰላም መጣሁ ማለት ነው። አማካሪዋ ሣሩንም አጎቴንም እኔንም በየተራ አየችና ሦስተኛ ወንበር ፍለጋ ወጣች።

ጉዳዬ ይህ ነበር። በከተማው የላይኛው ሰፈር በሴቻ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለዘጠኝ ዓመት ሦስተኛ ክፍል አስተምሬ፣ ምክትል ርዕሰ መምህርት ተደረግኩ። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ገብቼ ስቀመጥ ደረቴን ያፍነኝ ጀመር። የመምህራን ስብሰባ ባለ ቀንማ ከጠዋት ጀምሮ እህል አይወርድልኝም። ጤና ጣቢያ ተመረመርኩ፤ ልብሽም ደምሽም ደህና ነው አሉኝ። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ጸለዩልኝ፤ ጎረቤቴ ዝንጅብል በማር አፍልታ አመጣችልኝ። ሁሉንም በምስጋና ተቀበልኩ፤ ጭንቀቱ ግን አልለቀቀኝም። በመጨረሻ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ጋር አስቀመጥኩት። ማስተማርን እርግፍ አድርጌ ትቼ በታችኛው ሰፈር በሲቀላ ሱቅ ልከፍት ነበር። ደብዳቤውን ለመስጠት አንድ ሐሙስ ሲቀረኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ እስቲ መጀመሪያ ከአማካሪዋ ጋር ተነጋገሪ አለችኝ።

አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ከአባቴ ሞት ተነሱ፤ እንዴት እንዳሳደጉኝ፣ ሸማ ሠርተው እንዴት እንዳስተማሩኝ፣ ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ እንደሆንኩ ሁሉንም አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። አማካሪዋ በዕድሜ ከእኔ በብዙ የምታንስ፣ ለትምህርት ከጎጃም መጥታ እዚሁ ሥራ ይዛ የቀረች ልጅ ናት። አንድም ጊዜ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ ግን፣ "አባባ፣ እርስዎን ሰማሁ። አሁን ደግሞ እሳቸውን ልስማ፤ ውጭ ቢጠብቁን ቅር ይልዎታል?" አለቻቸው። በደንብ አድርጎ ቅር ብሏቸዋል፤ ፊታቸው ይናገር ነበር። ቢሆንም ወጥተው ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጡ።

ሁለታችን ስንቀር መጀመሪያ አንቱታውን ተዪው አልኳት። ቀጥዬም አጎቴ ሁሉን ስለነገሩሽ አሁን መፍትሔውን ንገሪኝ አልኳት። መፍትሔውን እንደማታውቀው፣ የእኔን ኑሮ ከእኔ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ፣ እሷ ግን እያዳመጠች አብራኝ ልትፈልግ እንደምትችል ነገረችኝ። ታዲያ ደመወዝ የሚከፈልሽ ለምንድን ነው አልኳት። ጠባዬ እንዲህ ነው፤ ሲያመኝ እነክሳለሁ። እሷ ፈገግ ብላ የተናደድሽ ይመስለኛል አለች። አልተናደድኩም አልኩ፣ ድምፄ ማንጎው ድረስ እየተሰማ።

ስወጣ አጎቴ ምን ፈረደች አሉኝ። ምንም አልኳቸው። ማንን ጥፋተኛ አለች? ማንንም። ሚኒባሱ ሲቀላ እስኪደርስ ሲያሰላስሉ ቆዩ። ከዚያ በአገራችን ሸንጎ፣ በዱቡሻ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚፈርድ ሽማግሌ ነገሩን አልሰማም ማለት ነው አሉኝ። ነገሩ ስላላለቀ ተመለሺ ብለው ዘጉት። እሳቸው ባይሆኑ ኖሮ ሁለተኛ አልሄድም ነበር።

በየሳምንቱ ሄድኩ። አጎቴም ለሽመናቸው ክር ሊገዙ ስለሚወርዱ በየሳምንቱ ከማንጎው ሥር አይጠፉም። አማካሪዋ አብዛኛውን ጊዜ የምትሠራው ያልኩትን ሰምታ እንደገባት መልሳ መንገር ነበር። መጀመሪያ ላይ አንጀቴን አሳረረችው። ደክሞኛል ስላት ማስተማሩ አድክሞሻል ትለኛለች። ኧረ ማስተማሩ አይደለም ብዬ አርማታለሁ። እንግዲያው ቢሮው ነው ትላለች። ቢሮውም አይደለም እላለሁ። እሷን አርማለሁ ስል ለካ የራሴን ነገር አንድ በአንድ እያወጣሁት ኖሯል። ዝም ስልም አትቸኩልም። እኔ ክፍል ውስጥ ንባብ ለከበደው ልጅ ቃሉን ቀድሜ የምናገር ሰው ነኝ፤ እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ በዚህ አፈርኩ።

በስድስተኛው ሳምንት የሹመቱን ነገር ነገርኳት። ርዕሰ መምህሩ ኦቾሎ ድረስ ወጥተው ያናገሩት አጎቴን ነው። እኔ ያን ቀን አጎቴን ልጠይቅ ወጥቼ ጓዳ ሆኜ ለእንግዳው ቆጮ እየቆረስኩ ነበር። አጎቴ ቆመው ሲያመሰግኑና "እሺ ብላለች" ሲሉ በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ሳህኑን ይዤ ወጣሁ፤ ሁለቱም እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ፤ እኔም አመሰገንኩ። ይህን እየነገርኳት ሳለ፣ "እኔን እኮ የጠየቀኝ ሰው የለም" የሚል ቃል ከአፌ ወጣ።

አማካሪዋም፣ "ቢጠይቁሽ ምን ትያቸው ነበር?" አለችኝ።

"አልፈልግም። የሦስተኛ ክፍል ልጆቼን አትውሰዱብኝ።"

አለቀስኩ፤ ለብዙ ወር ሲታፈን የነበረው ደረቴም ቀለል አለኝ። ለአጎቴ ልንገራቸው ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ በመስኮቱ ኮታቸው ይታየኛል። ከርዕሰ መምህሩ ይልቅ የፈራሁት እሳቸውን ነበር። አባት የሆኑኝ ሰው ናቸው፤ በሕይወቴ አንድ ቀን ቃላቸውን መልሼ አላውቅም። መንገሩ ከባድ እንደሆነብሽ ይሰማኛል አለችኝ እንጂ ንገሪ ወይም ተዪ አላለችኝም። እንዲህ ባለ ቀን እንኳ አንዲት ምክር አይወጣትም ብዬ ተበሳጨሁባት።

በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩን ላነጋግር ነው ስላቸው አጎቴ የለመዱትን አደረጉ። ኮት ለብሰው፣ ሣር ይዘው፣ ከፊቴ ቢሮው ገቡ። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ አንድ ቃል ካቃተኝ እሱን አስቀምጬ ልወጣ ወስኛለሁ። ከተቀመጥን በኋላ አጎቴ ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ልጃችን..." ብለው ጀመሩ።

"አባባ፣ ይህን እኔ ልናገር" አልኳቸው።

ሥራውን እንደማልጠላው፣ ምክትልነቱን ግን ሲሰጠኝም እንዳልፈለግኩት፣ ሦስተኛ ክፍሌ እንዲመለስልኝ እንደምፈልግ ተናገርኩ። ርዕሰ መምህሩ ወደ አጎቴ ዞረው፣ እሺ ብላለች ብለውኝ አልነበረም ወይ አሏቸው። አጎቴ የያዙትን ሣር ብዙ አዩት።

"እሺ ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "እሷን አልጠየቅኳትም።"

ከዚያ ሣሩን እጄ ላይ አድርገው፣ ጨርሺ እየሰማን ነው ብለው ተቀመጡ። ይዤው ጨረስኩ። ርዕሰ መምህሩ ምትክ እስኪገኝ ድረስ ታገሺን አሉኝ፤ ተስማማሁ። ደብዳቤው ከቦርሳዬ አልወጣም።

ወደ ሲቀላ የሚወርድ ሚኒባስ ያዝን። አጎቴ ተቀይመውኛል ብዬ ፈራሁ። ከሚኒባሱ ወርደው ኮታቸውን አስተካከሉና ወደ ገበያው አመለከቱ። እስከዚያ ቀን ነይ ይሉኝና እከተል ነበር።

"ክር ልገዛ ነው" አሉኝ። "አብረሽኝ ትመጫለሽ ወይስ ቤትሽ ትሄጃለሽ?"

ቤቴ መሄድ እፈልጋለሁ አልኳቸው። እሺ ብለው ብቻቸውን ወደ ገበያው ሄዱ።