ግማሽ የተላጨ ፊት

«አቁሚ! ከታች ወደ ላይ ነው እንዴ የሚላጨው?» አሉና አባትየው ምላጩን ከልጃቸው እጅ ነጠቁ። ግራ ጉንጫቸው ተላጭቷል፤ ቀኙ ገና አረፋ እንደለበሰ ነው።

«እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ አባዬ፣ ፀጉር ቆራጭ አይደለሁም።»

«እሱማ ያስታውቃል። ጉንጬን እኮ የተነጨ ዶሮ አስመሰልሽው።»

ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ቤታቸው ይረፉ ብሎ ሸኝቷቸዋል። አልደነገጡም። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ባለ ሁለት ወንበሯ ፀጉር ቤት ውስጥ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «ጌታ በተራዬ ይጠራኛል፤ ወረፋ ደረሰኝ ብሎ የሚያለቅስ ደንበኛ አይቼ አላውቅም» ይላሉ።

የከበዳቸው ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት አባታችን ሆይን ሲደግሙ «በደላችንን ይቅር በለን» ላይ ይደርሱና ዝም ይላሉ። ልጃቸው የረሱ መስሏት «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ብላ ልታስታውሳቸው ሞክራ ነበር።

«አልረሳሁትም። ልሞት ተቃርቤ እግዜርን ልዋሸው?»

ሁለተኛው ወንበር የታናሽ ወንድማቸው ነበር። አንድ ቀን ወንድምየው ቤት ሙሉ ሰው ፊት «ጋሼ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፤ ለኔ ተወው» አሏቸው። አባትየው መቀሱን አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

አሁን ምላጩን ለልጃቸው መለሱላትና «አጎትሽን ጥሪልኝ» አሉ።

«ልትታረቁ?»

«ሊላጨኝ።»

ፀጉር ቤቱ ስትደርስ አጎቷ ወንበሩን እያራገፉ ነበር።

«አባዬ ይፈልግዎታል።»

«ዛሬ ገና ትዝ አልኩት?» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ጺሙን ስላጨው አስቆመኝ። ግማሹ ቀርቷል።»

አጎትየው ዞሩ። «ግማሹ? ግማሽ ፊቱን ትተሽው መጣሽ?»

የተጀመረ ፊት ሳይጨርስ የሚተው ፀጉር ቆራጭ አይባልም፤ ይህን ሁለቱንም ወንድማማቾች ያስተማሯቸው ወላጅ አባታቸው ናቸው። አጎትየው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ከእሷ ቀድመው ወጡ።

አልጋው ጋ ሰላምታ አልነበረም። አጎትየው ውሃ አስሞቁ፣ አዲስ አረፋ መቱ፣ ቀኙን ጉንጭ ላጩ። አባትየው አገጫቸውን ቀና አድርገው ጉሮሯቸውን ሰጧቸው። አጎትየው ፊታቸውን በፎጣ ከጠረጉላቸው በኋላ እንዲህ አሉ፤

«አጥፍቻለሁ ጋሼ። ሰው ፊት መናገር አልነበረብኝም።»

«የተናገርከው እውነት ነበር። ያናደደኝም እሱ ነው።» የተላጨ አገጫቸውን ዳሰሱና ጨመሩ፤ «እኔም ኩራት ይዞኝ ነው። ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር።»

አባትየው ልጃቸውን ጠሩና ሦስቱም አባታችን ሆይን አብረው ደገሙ። አባትየው ከመጀመሪያው እስከ አሜን አንዲትም ቃል አልዘለሉም።

ዓርብ ጠዋት ልጃቸው ሻይ ይዛ ስትገባ አርፈው አገኘቻቸው። አጎትየው እስከ ሰኞ ፀጉር ቤቱን አልከፈቱም።